ለመምሬ አላምረው የጻፍኩት ወረቀት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ወንበር አውጥቼ በሬ ላይ እቀመጣለሁ። ለሚያየኝ ሰው ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ እመስለዋለሁ፤ እኔ ግን ሞተር ነው የምመረምረው። ብዙ ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሥራ ከዓይኔ አልወጣ ብሎኛል። አንዱ ሲያልፍ የቀኝ ስፖኪዮ እንደሌለው አያለሁ፤ የሌላው የኋላ መብራት ተሰብሮ በቀይ ፌስታል ተጠቅልሏል፤ ሦስተኛው ሁለት ሰው ከኋላው አፈናጦ ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ይሄዳል። ክንድስ ቢሰበር ወጌሻ አለለት እላለሁ ለራሴ፤ መሸፈን የነበረበት ጭንቅላቱ ነበር። የሚሰማኝ የለም። የሰፈሩ ልጆች «ጋሽ ውበቱ ዛሬም ቦሎ ሊለጥፉልን ነው» እያሉ ያልፋሉ። ደግሞ ያሁኑ ዘመን ሞተር ራሱ ግራ የገባው ነው፤ መንገዱ አንድ ሰሞን ክፍት ሌላ ሰሞን ዝግ፣ ሞተር አንድ ሰሞን ይፈቀዳል ሌላ ሰሞን ይከለከላል። ደብረ ማርቆስ ፊቷ ከጠቆረ ሰነበተ።

ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሞተር መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። ሁለቱም ስፖኪዮ አለው፣ መብራቱ ይሠራል፣ ታርጋው ታጥቧል። ነጂው ሄልሜቱን ሲያወልቅ ጢሙ ሙሉ የሆነ፣ ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ ጎልማሳ ሰው ነው። ከሞተሩ ኋላ ካለው ቦርሳ ነጭ ሻሽ አወጣ፤ ስፖኪዮውን ወደ ፊቱ አዞረና እያየ ጥምጣም ይጠመጥም ጀመር። ለካ ቄስ ናቸው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ጨርሰው ስፖኪዮውን ወደ ቦታው መለሱና መስቀላቸውን ከደረታቸው አውጥተው ወደ እኔ መጡ። ተነሥቼ መሳለም ነበረብኝ፤ ዓይኔ ግን ከስፖኪዮው አልተነሣም። ተቀምጬ እንደሆንኩ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አደረጉልኝ። «አባ፣ ጥምጣሙን እንዲህ በየደረሱበት እያወለቁ እየጠመጠሙ አይቸገሩም?» አልኳቸው። ሳቁና «መጀመሪያ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈርቼ ነበር» አሉኝ። «ሰው ግን ሁለት ቀን ሳቀ፣ በሦስተኛው ረሳው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ፊቴን አዩኝ። «አላወቁኝም እንዴ ጋሽ ውበቱ? ይትባረክ ነኝ፤ የመምሬ አላምረው ልጅ። እናቴ እኮ ሁልጊዜ ውለታዎን ታነሳለች።»

ስሞቹን ለውጫለሁ፤ ይህን ቢሰማ የሚጎዳ ሰው በሕይወት አለ። ቀሲስ ይትባረክን ወደ ቤታችን የጠራቻቸው ባለቤቴ የሺ ናት። አዲስ ወደ አጥቢያችን ተመድበው ሲመጡ ከሰው ሁሉ ቀድማ ሄዳ ለሁለታችን የንስሐ አባት እንዲሆኑን ለመነቻቸው። የሺ በዚህ ዕድሜዋ የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነው፤ መቁረብ። ባለትዳር ደግሞ አንዱ ቆርቦ አንዱ አይቀርም፤ ሁለታችንም ንስሐ ገብተን አብረን ነው የምንቀርበው። ልቧ ደክሟል፣ ሐኪሙ ዳገት አትውጪ ብሏታል። እኔ ግን በየዓመቱ ሰበብ አላጣም ነበር፤ አንድ ዓመት ሥራ በዛብኝ፣ አንድ ዓመት ጉልበቴ፣ አንድ ዓመት የልጅ ሠርግ። ስንፍና ይመስላታል። ባለፈው ሰሞን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እኔ በአንተ ምክንያት ሳልቆርብ ልሙት?» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እውነቱ ይህ ነው፤ መምሬ አላምረው ከሞቱ ጀምሮ ለማንም ቄስ ተናዝዤ አላውቅም፤ የምናዘዘው ኃጢአት የእሳቸው ሞት ነውና።

እኔ በመንገድ ትራንስፖርት ፈታኝ ሆኜ ሥራ ስጀምር ደብረ ማርቆስ ከመሀል ካለው አስፋልት ወጣ ካሉ ጭቃ ነበረች። ሻይ በስሙኒ ነው፤ ቦንቦሊኖ ሲጨመርበት ሃምሳ ሳንቲም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት አንድ ካሴት ቤት ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ሰቅሎ አንድ የማሲንቆ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ያስጮኻል፤ ዘፋኙ ስለ አንዲት ልጅ ጥርስ ያለቅሳል፣ ባለሱቁ ከውስጥ ስለ ካሴቱ ዋጋ ይከራከራል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ባለ መስተዋት ፎቅ ቆሟል፤ ሞባይል ይሸጡበታል፤ ሳልፍ ግን ጆሮዬ ያን ማሲንቆ ይፈልጋል። ጎረምሳው ቴትሮን ሱሪ ለብሶ፣ በኪሱ ማበጠሪያ ሰክቶ፣ ማታ ማታ ከዚያ ጥግ እስከዚህ ጥግ ይመላለሳል። እኔ አራት ኪስ ያላት የመንግሥት ካኪ ኮት ነበረችኝ፤ በአንዱ ኪስ ጠመኔ፣ በአንዱ የሲጋራ ፓኮ፣ በአንዱ ክብ ማኅተም። ማኅተሙ ቢሮ መቀመጥ ነበረበት፤ እኔ ግን በኪሴ ሲሆን ደረቴ የሰፋ ይመስለኝ ነበር። መንግሥት ሲቀየርም መሥሪያ ቤታችን ስሙን ቀየረ እንጂ ኮቷም ጠመኔውም ያው ነበሩ። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጠዋት ጣት አያስጨብጥም፤ እስክሪብቶ ለመያዝ መጀመሪያ እጄን የሞተር ጭስ ማውጫ ላይ አሞቅ ነበር።

ሞተር ያኔ ብርቅ ነው። የወባ ሠራተኞች አላቸው፣ የከብት ሐኪሙ አለው፣ የእርሻ ጣቢያ ሰዎች አላቸው፤ ከዚያ ውጭ የግል ሞተር ያለው ሰው በጣት ይቆጠር ነበር። የመንጃ ፈቃድ ፈተናው ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ኖራ በጣሳ ይዤ ሣሩ ላይ ትልቅ ስምንት ቁጥር እሠራለሁ፤ እግሩን መሬት ሳያስነካ ስምንቷን የዞረ ያልፋል፣ ያስነካ ለሌላ ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ ዕቃው ይታያል፤ ፍሬን የፊትና የኋላ፣ መብራት፣ ክላክስ፣ ሁለት ስፖኪዮ፣ ታርጋ፣ ሊብሬ፣ በመጨረሻም ሄልሜት። ለዓመታዊው ምርመራ ሲመጡ አንዱ ከአንዱ ስፖኪዮ እየተዋሰ ይሰለፍ ነበር። አንድ ጥንድ ስፖኪዮ ከሞተር ሞተር ሲዘዋወር ይውልና የሁሉንም ቦሎ አስለጥፎ ማታ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ስነቃባቸው ያየሁትን ስፖኪዮ ሁሉ ከጀርባው በጠመኔ ምልክት አደርግበት ጀመር። ሄልሜትም እንዲሁ። «ጠመኔው» ብለው ስም ያወጡልኝ ከዚያ ወዲህ ነው። አንድ የከብት ክትባት ሠራተኛ አባቱ ታሞበት ወደ መርጡለ ማርያም ለመሄድ ሲለምነኝ ክላክስህ አይጮህም ብዬ መልሼዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ያሳልፈው ነበር። ይህን የምለው ልመሰገንበት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሰው ያን ቀን የት ገብቶ እንደጠፋ ዛሬም ስለሚያስገርመኝ ነው።

መምሬ አላምረው የቤታችን የንስሐ አባት ነበሩ። አባቴን ያናዘዙ እሳቸው ናቸው፤ እኔና የሺ ስንጣላ ያስታረቁን እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያ ልጃችን በሕፃንነቷ ስትሞትብን ለሰባት ቀን ከደጃችን ያልጠፉ እሳቸው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ነበሩ፤ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ጥምጣማቸው ግን የታወቀ ነበር። ባለቤታቸው በእንዶድ አጥባ ታነጣዋለች፤ እሳቸው ደግሞ እንደ ድሮ ካህናት ከፍና ሰፋ አድርገው ነው የሚጠመጥሙት። ከተማ ውስጥ አንድ ደብር ያገለግላሉ፤ ወደ አማኑኤል መንገድ ደግሞ የተወለዱበት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የንስሐ ልጆቻቸው በመሀሉ ባሉት መንደሮች ሁሉ ተበትነው ይኖራሉ። በዳማ በቅሎ ነበር የሚዞሩት። በቅሎዋ ስትሞት በእግራቸው ይሄዱ ጀመር፤ ጉልበታቸው አብጦ ቅዳሴ ላይ መቆም ሲያቅታቸው አየሁ። አንድ ቀን ዝክር ላይ «ለምን ሞተር አንገዛላቸውም?» ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። «ቄስ በሞተር!» አሉ። እሳቸው ግን አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሲስቁ ቆዩና «ከበቅሎዋ ያነሰ ገብስ ይበላል» አሉ። በዓመቱ የንስሐ ልጆቻቸው ተባብረን አንዲት ያገለገለች የጃፓን ሞተር ገዛንላቸው።

የፈተናው ቀን ሜዳው ዳር ዳሩን በሰው ተሞላ። ከገበያ የሚመለሰው፣ የመናኸሪያው ረዳት፣ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣው ሁሉ መጣ። መምሬ ሞተራቸውን እየገፉ ሲደርሱ እኔ ፈታኙ ሄጄ መስቀላቸውን ተሳለምኩ። ፈታኙ ጎንበስ ብሎ ተፈታኙን ሲሳለም ፈተናው ያን ጊዜውኑ አልቋል። ስምንቷን ግን ያለ ማንም እርዳታ ነው ያለፏት። ሦስት ጊዜ ዞሯት፤ ቀሚሳቸውን በመቀነት ሰብስበው፣ ጀርባቸው ቀጥ ብሎ፣ አንድ ጊዜ እንኳ እግራቸው መሬት አልነካም። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። ሄልሜቱን አንስቼ የቀረብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

«መምሬ፣ ይቺ ደግሞ ግዴታ ናት» አልኳቸው።

«የት ላይ ናት የምትደረገው?»

«ራስ ላይ።»

«ራስ ላይማ ሞልቷል፣ ልጄ።»

ሜዳው በሳቅ አወካ። ጥምጣሙ ላይ ብደፋው ትልቅ ማሰሮ ላይ የተቀመጠ የጀበና ክዳን መሰለ። ጫን ባደርገው ሰዉ የባሰ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ውበቱ ልጄ፣ ከተካንኩ ጀምሮ በሰው ፊት ራሴን ገልጬ አላውቅም። በዚህ ሁሉ ሰው መሀል አታዋርደኝ።»

«ከቤትዎ ሲወጡ ጥምጣሙን አውልቀው ሄልሜቱን ያድርጉ፣ ሲደርሱ ይጠምጥሙ» ማለት ይቻል ነበር። ሐሳቡ አልመጣልኝም ነበር ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን መጥቶልኛል። ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ሰው ምን ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። መምሬን ጥምጣም አስወለቀ ቢሉኝ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ልቆም ነው? ይሉኝታ እኛ አገር ከሕግ ይበረታል። ሄልሜቱን ከሞተሩ ኋላ በጠፍር አሰርኩላቸውና «አልፈዋል» ብዬ ፈረምኩ። ሰው እልል አለ። እኔም አብሬ ፈገግ ማለቴን አስታውሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ጨሞጋ ድልድይ ላይ አንድ ትራፊክ አስቁሞ መለሳቸው። ቢሮዬ መጥተው አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አልተማረሩም፣ «በእግሬ ብሄድ ይሻላል መሰለኝ» ብቻ አሉ። ያበጠው ጉልበታቸው ታየኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና የመሥሪያ ቤቱን ወረቀት ስቤ ጻፍኩ። ቃሉ አሁንም በአፌ ነው፤ «መምሬ አላምረው በክህነታቸው ምክንያት የራስ መከላከያ ቆብ ከማድረግ ነፃ መሆናቸውን እየገለጽን፣ በየደረሱበት እንዲታለፉ እንጠይቃለን።» እንጠይቃለን ያልነው እነማን እንደሆንን እኔም አላውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ የነበርኩት ብቻዬን ነው። እንዲህ ያለ ወረቀት የመጻፍ ሥልጣን እንኳን እኔ አለቃዬም አልነበረውም። ማኅተሙን ከኪሴ አውጥቼ መታሁበት። እሳቸው ወረቀቱን አጣጥፈው በላስቲክ ጠቀለሉት፤ መስቀላቸውን ራሴ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ያክብርህ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላስቆማቸውም። እንዲያውም ትራፊኮቹ ራሳቸው ሞተሩን በሩቅ ሲያዩ ኮፍያቸውን አውልቀው መስቀል ሊሳለሙ ይጠብቋቸው ነበር። ገበያ ቀን ነጭ ጥምጣም ከአቧራው በላይ ሲመጣ ሴቶቹ መንገድ ይለቁላቸዋል፤ ጉልበታቸው ዳነ፣ ታሞ የተኛን ሁሉ በቀኑ ይደርሱለት ጀመር። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ደግ ነገር የሠራሁ መስሎኝ ኖርኩ።

የሞቱት ክረምቱ ወጥቶ ጤፉ ገና አረንጓዴ ሳለ ነው። የገጠሩን ቤተ ክርስቲያን ክብረ በዓል ቀድሰው ወደ ከተማ ሲመለሱ ከሣሩ ውስጥ አንድ ወይፈን ደንብሮ መንገድ ገባ። በፍጥነት አልነበሩም፤ በፍጥነት ነድተውም አያውቁም። ሞተሯ በጎኗ ተኛች፣ እሳቸው ወደ ቦዩ ወደቁ፣ ጭንቅላታቸውን የቦዩ ድንጋይ አገኘው። ሰው የሞተበት አደጋ ሲሆን ፍሬኑን እንድመረምር የምጠራው እኔ ነኝ፤ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ወሰዱኝ። ማን እንደሞተ አልነገሩኝም ነበር። ሞተሯን ከሩቅ ሳያት ነው ያወቅሁት። አንድ ስፖኪዮዋ ከመጣመሙ በስተቀር ምንም አልሆነችም። ሄልሜቱ እኔ ባሰርኩት ጠፍር ከኋላ እንደታሰረ ነው፤ አንድ ጭረት የለበትም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላሉ። ሰዎች በጋቢ ሸፍነዋቸው ነበር። ጋቢውን ገልጬ አየሁ፤ እጃቸው ደህና፣ እግራቸው ደህና፣ ያ ያበጠ የነበረው ጉልበታቸው እንኳ ደህና ነበር።

ሟቹን የሚመዘግበው ትራፊክ ከደምበጫ በኩል የመጣ አዲስ ሰው ነው። «ሄልሜት ይዘው ለምን አላደረጉም?» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፍሬኑን ጨመቅሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያውቋቸዋል መሰለኝ፤ እስቲ ኪሳቸውን ይመልከቱልኝ፤ እኔ ካህን መበርበር ደስ አይለኝም» አለ። እጄን ወደ ደረታቸው ሰደድኩ። መንጃ ፈቃዱን አወጣሁ፣ ሊብሬውን አወጣሁ፤ ከሥሩ ላስቲኩ እጄን ነካኝ። ሁለቱን ለትራፊኩ ሰጠሁት። ሦስተኛውን ወደ ካኪ ኮቴ ኪስ አሾለክሁት። ሬሳውን በላንድሮቨሩ ጭነን ስንመለስ ጨሞጋ ላይ መኪናውን አስቁሜ ሽንቴን እሸናለሁ ብዬ ወረድኩና ቀዳድጄ ወንዙ ውስጥ ጣልኩት። ቢሮዬ ገብቼ ደግሞ ጻፍኩ፤ ፍሬን ይሠራል፣ መብራት ይሠራል፣ ክላክስ ይሠራል፣ የአደጋው መንስኤ ድንገት መንገድ የገባ የቀንድ ከብት። ወይፈኑን ያላሰረው ገበሬ በዚያ ወረቀት ታሰረ። እሱም ጥፋት ነበረበት፤ ግን የእኔንም ጨምሮ ነው የታሰረው። ወረቀቱን አንብበው ያሳለፏቸው የከተማው ትራፊኮችም አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ለቅሶው ቤት ተገናኝተን አንዳችን የአንዳችንን ዓይን ሳናይ ንፍሮ ቆረጠምን። ከወር በኋላ ያለ ሄልሜት የተገኘ ሁሉ ይቀጣ የሚል ጥብቅ ትእዛዝ ወጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። አለቃዬን ወክዬ የፈረምኩበት እኔ ነበርኩ።

ይትባረክ ያኔ መርጡለ ማርያም ቅኔ ሊማር ሄዶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰም፤ ለሰልስቱ ነው የመጣው። እናቱ መነኮሱ። እማሆይ ዛሬም በደብሩ ቅጥር ውስጥ አንዲት ጎጆ አለቻቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፅ ነው የሚያውቁኝ። «ቀኑ ነው፤ ቀኑ ደርሶ ነው» ይላሉ ስለ እሳቸው በተነሣ ቁጥር፤ «ቅዳሴ አድርሶ፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ ሲመለስ፤ እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይሰጣል?» ከዚያ እጄን ይይዛሉ። «ሬሳውን ከመሬት ያነሣኸው አንተ ነህ። አንተ ባትደርስ አሞራ ይበላው ነበር። ውለታህን እግዚአብሔር ይክፈልህ።» በየበዓሉ ይህን ሰምቼ እመለሳለሁ። ላለመሄድ ሞክሬ ነበር፤ ምነው ጠፋህ ብለው ሰው ይልኩብኛል። ቀኑ ነው የሚለውን እኔም ስንት ጊዜ ለራሴ ብዬዋለሁ። ለሌላው ሰው ሞት ያጽናናኛል፤ ለእሳቸው ሞት ግን አልሠራልኝም፤ የቦዩን ድንጋይ አይቼዋለሁና።

ትናንት ቀሲስ ይትባረክ ሊያናዝዙን መጡ። የሺ ቀድማ ገብታ ቶሎ ወጣች፤ ከእሷ ምን ኃጢአት ይገኛል። ፊቷ ላይ ደስታ ነበር፤ በዓይኗ ግባ አለችኝና ምሳውን ልታቀራርብ ወደ ጓዳ ሄደች። ከበዓሉ በግ ሥጋ አስቀምጣ፣ ዶሮ አሳርዳ ነበር። ገብቼ እግራቸው ሥር ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ሊሆን በሚችል ዕድሜ ባለ ሰው ፊት እንደ ተከሳሽ ላብ አጠመቀኝ። ትንንሹን ኃጢአት አስቀድሜ ዘረዘርኩ፤ ሐሜት፣ መጠጥ፣ ቁጣ። «ሌላስ?» አሉ። መውጣት እችል ነበር። የሺ ሳህን ስታቀራርብ ከጓዳ ይሰማኛል።

«አባ፣ ሌላው ስለ አባትዎ ነው» አልኩ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ሜዳውን፣ አፌ ላይ ደርሶ የዋጥኩትን ቃል፣ ወረቀቱን፣ ማኅተሙን፣ ከደረታቸው የሰረቅሁትን፣ ገበሬውን። አንዱንም አላስቀረሁም። መስቀላቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወለሉን ያዩ ነበር። ጨረስኩ። ከዚያ ሳያዩኝ ጠየቁኝ።

«ጋሽ ውበቱ፣ እርስዎ የሥራው ባለሙያ ነዎት። ያን ዕለት ሄልሜቱን አድርገው ቢሆን ኖሮስ?»

ምን ብል እንደሚሻላቸው አውቅ ነበር። አባ፣ ቀናቸው ነው ብል ኖሮ እሳቸውም እንደ እናታቸው ይዘውት ይኖሩ ነበር። እኔም ይቀለኝ ነበር። ግን የንስሐ ወንበር ላይ ነበርኩ።

«ይተርፉ ነበር፣ አባ» አልኩ። «ከጭንቅላታቸው በቀር ምንም አልሆኑም ነበር።»

ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ አልነበረበትም፤ ፊታቸው ግን ባንድ ጊዜ ያረጀ መሰለኝ። «እናቴ ይህን እንዳትሰማ» አሉ። «በዚህ ዕድሜዋ፣ በምንም ምክንያት።» ራሴን ነቀነቅሁ። ቀኖናዬን ነገሩኝ፤ እስከ እሑድ በየቀኑ ዳዊት፣ ጉልበቴ የቻለውን ያህል ስግደት፣ ገበሬውም ካለ ፈልጌ እግሩ ላይ እንድወድቅ፣ ከሌለ ልጆቹን። ከዚያ ተነሥተው መስቀሉን ራሴ ላይ አደረጉ። «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉ። «እሑድ ከእማማ የሺ ጋር ይቅረቡ። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ የንስሐ አባት ይፈልጉ፣ ጋሽ ውበቱ። እኔ አልችልም።»

የሺ በሩ ላይ ውሃ ማስታጠቢያ ይዛ፣ ፎጣውን ክንዷ ላይ ጥላ ትጠብቅ ነበር። መሶቡ ተከፍቷል፣ ወጡ ይጨሳል። ቀሲስ መስቀል አሳለሟት፣ «እሑድ ያድርሳችሁ» አሏት፤ በመሶቡ አጠገብ አልፈው ወጡ። የሞተሩ ድምፅ እስኪርቅ ሁለታችንም ቆመን ሰማን።

«ምነው ሳይቀምሱ ሄዱ? ምን አጠፋሁ?» አለች የሺ።

«ጾም ይዘዋል» አልኳት።

«በሐሙስ ቀን?» አለች። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ መሶቡን ከደነችውና ውሃውን ይዛ ወደ ጓዳ ተመለሰች። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ፤ ከተፈታሁ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላኝም ነበር።